ፒኪ ብላይንደርስን ከማቋረጥሽ በፊት

እህቴ፣ ስለ በርሚንግሃም ከተማ ወሮበሎች የሚተርከውን የእንግሊዝ ተከታታይ ፊልም አንስተሽ «ፒኪ ብላይንደርስን ሁለት ክፍል አየሁ፣ ምንም አልገባኝም፤ ግማሹ ሰው እንደሱ ያለ የለም ይላል፣ ግማሹ ጭስና ኮት ብቻ ነው ይላል፤ ልቀጥል ወይስ ልተወው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እንዳትተዪው። ስድስቱንም ሲዝን ጨርሼ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ደግሜ ያየሁ ሰው ነኝ። ሌሎቹ የሰጡሽን መልስ አነበብኩ። «የጣዕም ጉዳይ ነው» ብለው የሚያልፉት አናደዱኝ። ያንቺ ችግር የጣዕም አይመስለኝም። የያዝሽው ኮፒ ነው።

1. ከሁሉ በፊት ሰብታይትሉን አስተካክዪ። ሰዎቹ የሚናገሩት የበርሚንግሃም እንግሊዝኛ ነው። በአሜሪካ ፊልም የለመደ ጆሮ አይዘልቀውም። ሼልቢዎቹ፣ ማለትም የወሮበሎቹ ቤተሰብ፣ የሮማ (ጂፕሲ) ዘር ስላላቸው ደግሞ መሀል ላይ ሮማኒ ይናገራሉ። እኔ ያስጫንኩት ሰፈራችን ካለ ፊልም የሚጭን ሱቅ ነበር። ልጁ «ሙሉ ነው፣ ጥራት ነው» ብሎ ፍላሼን ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ሰብታይትሉ የሌላ ኮፒ ነው። ሰውዬው ተናግሮ፣ በሩን ዘግቶ ከወጣ በኋላ ነው ጽሑፉ የሚመጣው። ምስሉ ድፍን ጨለማ። የመጀመሪያው ሲዝን መጨረሻ ክፍል ጭራሽ የለም፤ በሱ ፋንታ ሁለተኛው ክፍል ስሙ ተቀይሮ ተደግሟል።

ይዤ ተመለስኩ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ፊልሙ ራሱ እንደዛ ነው፤ ካልተመቸህ ሌላ ቦታ አስጭን» አለኝና ከኋላዬ የቆመውን ልጅ ፍላሽ ተቀበለ። ብሬንም አልመለሰም። ብሩ አይደለም ያንገበገበኝ። ስንት ሰው ይህንኑ ሰምቶ «ለካ ፊልሙ ነው የማይገባው» ብሎ ትቶታል! አሁን «ኮትና ጭስ» ከሚሉት ውስጥ ብዙዎቹ ያንን ዓይነት ኮፒ ያዩ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

በኋላ የአክስቴ ልጅ ቤት በኔትፍሊክስ፣ በትልቅ ቴሌቪዥን አየሁት። ያው የመጀመሪያው ትዕይንት ነው፤ ግን ሌላ ፊልም ሆነብኝ። የወሮበሎቹ አለቃ ቶሚ ሼልቢ በጥቁር ፈረስ ጭቃማውን መንገድ ይዞ ይመጣል። የሰፈሩ ሰው ገና ሲያየው ይሸሻል። አንዲት ቻይናዊት ወጥታ ቀይ ዱቄት በፈረሱ ፊት ላይ እፍ ትላለች። በኔ ኮፒ ላይ ያ ቀይ ዱቄት አይታይም ነበር! ነገሩ ሁሉ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። የሰፈሩ ሰው አስማቱን አይቶ ወሬውን እንዲያዛምት፣ በዚያ ፈረስ ላይም ብሩን እንዲያስይዝ ታስቦ የተደረገ ነው። እሱን ካላየሽ ወንድሙ አርተር በኋላ ለምን እንደሚጮህበት በምን ታውቂያለሽ?

2. «ታሪኩ እ.ኤ.አ. 1919 ላይ ሆኖ ለምን የሮክ ሙዚቃ? ለምን በስሎው ሞሽን ይራመዳሉ?» ለሚሉሽ ይህን ንገሪያቸው። ደራሲው ስቲቨን ናይት ታሪኩን ያገኘው ከወላጆቹ ነው። የአባቱ አጎቶች እዚያው በርሚንግሃም፣ ስሞል ሂዝ ሰፈር፣ የፈረስ ውርርድ የሚያጫውቱ ሰዎች ነበሩ። አባቱ ልጅ ሳለ መልእክት አድርስ ተብሎ ቤታቸው ይላካል። በሩ ሲከፈት ጠረጴዛው ላይ ገንዘብ ተከምሯል። ዙሪያውን ሽክ ብለው የለበሱ ሰዎች ተቀምጠዋል። ቢራ የሚጠጡት ግን በማርማላታ ጠርሙስ ነው። ያን ሁሉ ብር ይዘው ለብርጭቆ አያወጡም። ናይት ያንን ነው የሠራው፤ አንድ ድሃ ልጅ በር ላይ ቆሞ ያየውን። ለልጅ ዓይን እነዚያ ሰዎች ግዙፍ ናቸው፣ ፈረሳቸውም ግዙፍ ነው፣ ሲራመዱም ምድር ትለቅላቸዋለች። ሙዚቃውም እሳቱም ጭሱም ከዚያ የመጣ ነው። ታሪክ ከፈለግሽማ እውነተኞቹ ፒኪ ብላይንደርስ ገናና የነበሩት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ነው። ፊልሙ ላይ የለንደን አለቃ ሆኖ የሚመጣው ቢሊ ኪምበርም በእውነት የበርሚንግሃም ሰው ነበር። ይህን እያነሱ ፊልሙን የሚጥሉ አሉ። እኔ አልጥለውም፤ የታሪክ ፊልም ነኝ ብሎ አልመጣምና።

3. ቶሚ ለምን አይስቅም ብለሻል። ሦስተኛ ያልኩት ይኸው ነው፤ ምክር ግን አይደለም። ቶሚ ፈረንሳይ ውስጥ ከመሬት በታች ዋሻ ሲቆፍር የነበረ ወታደር ነው። ሌሊት ሲተኛ ከግድግዳው ጀርባ የአካፋ ድምፅ ይሰማዋል። ጠላት እየቆፈረ ወደሱ እየመጣ ነው። ጣሪያው ላይ አፍጥጦ ግድግዳው እስኪፈርስ ይጠብቃል። አጎቴ ከግንባር የተመለሰ ጊዜ እኛ ቤት ነበር የከረመው። በር ሲንኳኳ ከሁላችን ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነበር፤ ተነስቶም በሩን አይከፍትም፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ይቆማል። እናቴ «ተዉት» ትለን ነበር። ቶሚን የሚሠራው ኪሊያን መርፊ አንዲት ቃል ሳይናገር ያንን ፊት አሳይቶኛል። «ፊቱ አይቀያየርም፣ ትወና አይችልም» የሚሉትን ሳነብ ደሜ ይፈላል።

ጭካኔው ይበዛል የሚሉት እውነት አላቸው። ልጆች ባሉበት አትክፈቺው። ከአምስተኛው ሲዝን በኋላ ይዘገያል የሚሉትም እውነት አላቸው። አክስት ፖሊን የምትሠራው ሄለን መክሮሪ እ.ኤ.አ. በ2021 አረፈች፤ ስድስተኛው ሲዝን ያለ እሷ ነው የተሠራው፣ ጉድለቱም ያስታውቃል። ቤቱን ይዛ የነበረችው እሷ ናት። ወንዶቹ ጦር ሜዳ እያሉ ሥራውን ስታስኬድ የነበረችውም እሷ ናት። እሷ ስትናገር ቶሚ እንኳ ዝም ይላል። ለኔ የሁሉም ቁንጮ ሁለተኛው ሲዝን ነው፤ ቶም ሃርዲ አልፊ ሰለሞንስ የሚባል የለንደን ወሮበላ ሆኖ የሚመጣበት። ሲጀምር በሳቅ፣ ሲጨርስ በሽጉጥ።

እና ሦስተኛውን ክፍል እንዳትከፍቺ። ደህና ኮፒ ፈልጊና የመጀመሪያውን ከዜሮ ጀምሪ፤ በስልክ ሳይሆን ተለቅ ባለ ስክሪን፣ ማታ። ስታስጭኚ እዚያው ሱቁ ላይ ክፍሎቹን ቁጠሪ፤ በየሲዝኑ ስድስት ስድስት ናቸው። ልጁ ቢቆጣ ይቆጣ፣ አንዱን ከፍተሽ ሰብታይትሉን ሳታዪ ብር አትስጪ። ቲክቶክ ላይ የቶሚን ፎቶ ለጥፈው የሚጽፉትንም አትመኚ፤ ብዙው እሱ ያልተናገረው ነው። ከስሩ ያለውን ኮሜንት ደግሞ ጨርሶ አትንኪ፣ ማን እንደሚሞት ይነግሩሻል። ቶሚ የሚወዳትን የግሬስን ነገር እኔ የሰማሁት ከዚያ ነው፤ የጻፈውን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።