«ቀጣይ!» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ዘንድሮ ተመርቃችሁ ጥርስ ክሊኒክ ለምትገቡት ነው የምጽፈው። ጥርስ መንቀልና መሙላት መምህሮቻችሁ አስተምረዋችኋል። እኔ የማወራችሁ አንዱ ታካሚ ከወንበሩ ወርዶ ሌላው እስኪቀመጥ ስላለችው አጭር ጊዜ ነው።

ሥራ ስጀምር ያቺ ጊዜ የባከነች ትመስለኝ ነበር። ደጅ ላይ ወረፋው ረጅም ነው። በረኪና የነካ ጨርቅ አሳልፋለሁ፣ ወዲያው በደረቅ አደርቃለሁ፣ «ቀጣይ!» እላለሁ። አንድ ቀን አንዲት አንጋፋ ነርስ መጣችና የመብራቱን እጀታ ከሥሩ በነጭ ጎዝ ጠረገችው። ጎዙ ላይ ቀይ ወጣ። ምንም ሳትናገር አሳየችኝ። ቀጣዩዋ ታካሚ ልጇን ያዘለች እናት ነበረች። ፊቷ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም።

በደም የሚተላለፈውና ጉበት የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ወጥቶ በደረቀ ቦታ ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ደሙ ለዓይን ባይታይም እንኳ። በጓንታችሁ የነካችሁትን ሁሉ አስቡት፦ እጀታው፣ ቁልፎቹ፣ መሳቢያው።

ስለዚህ መጀመሪያ እጠቡ። በረኪና ደምና ምራቅ ሲያገኝ አቅሙን እዚያው ይጨርሳል፣ ለጀርሙ የሚተርፈው ትንሽ ነው። በሳሙናና በውሃ አጽዱ፣ ከዚያ ጀርም ገዳዩን መድኃኒት ቀቡ።

ከቀባችሁ በኋላ ደግሞ ጠብቁ። ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒት እንደነካ አይገድልም፤ ቦታው ርጥብ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ያስፈልገዋል። ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። እኛ በለመድነው 0.5 ፐርሰንት ክሎሪን፣ ማለትም በውሃ በተበጠበጠው በረኪና፣ 10 ደቂቃ ነው። 70 ፐርሰንት አልኮል ቶሎ ስለሚተን ለትንሽ ዕቃ እንጂ ለሙሉ ወንበር አይሆንም። «99 ፐርሰንቱ ይበልጣል» የሚላችሁን አትስሙ። አልኮል በደንብ የሚሠራው ውሃ ሲኖርበት ነው።

ወረፋው እየገፋ እንዴት ልጠብቅ ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው፣ እኔም ያን ጭንቀት አውቀዋለሁ። የመብራቱን እጀታና ቁልፎቹን በላስቲክ ሸፍኑ፣ ለእያንዳንዱ ታካሚ ቀይሩት። ለማጽዳት አስቸጋሪ የሆነውን ቦታ በዚህ ትገላገላላችሁ።

የበረኪናውን አበጣበጥ በግምት አታድርጉ። ጠርሙሱ 5 ፐርሰንት የሚል ከሆነ 1 ኩባያ በረኪና ለ9 ኩባያ ውሃ ነው፣ 0.5 ይሆንላችኋል። 4 ፐርሰንት ከሆነ ውሃው 7 ኩባያ ነው። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፤ ፀሐይና ሙቀት ያደክሙታል። ከሽንት ቤት አሲድ ወይም ከአሞንያ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ ክሊኒክ በረኪናውን የምትበጠብጠው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ሥልጠና ሲሰጥ ግን እሷን የሚጠራት የለም። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። በር ላይ ቆማችሁ አትዘዟት። አብራችኋት በጥብጡ፣ ወፍራም ጓንት እንዳላት እዩ፣ ለምን 10 ደቂቃ እንደሚጠበቅ ንገሯት። አንዷን እንዴት እንደምትለካ ስጠይቃት መለኪያው ኩባያ ከተሰበረ ወር አልፎታል አለችኝ። «በዓይኔ ገምቼ ነው የማደርገው እቴ፣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለች። በማግስቱ ከቤቴ ኩባያ ይዤላት ሄድኩ። ፕላስተር ለጥፌ «የበረኪና» ብዬ ጻፍኩበት፣ ቁጥሮቹንም ከጀሪካኑ በላይ ግድግዳው ላይ አብረን ለጠፍን።