ስለ ሮልፍ ቪደሮ ጠይቁኝ

እንደ ኤሌክትሮን ያሉ ጥቃቅን ቅንጣቶችን የሚያፈጥኑ ማሽኖችን (አክሰለሬተር) ከጀመሩት ሰዎች አንዱ ስለሆነው ስለ ሮልፍ ቪደሮ ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ስሙን ሰምቼ አላውቅም። ማን ነው?

መልስ፦ ኖቤል ስላልተሸለመ አለመስማትህ አያስገርምም። በ1902 ኦስሎ የተወለደ ኖርዌያዊ ኢንጂነር ነው።

ጥያቄ፦ ምን አዲስ ነገር አመጣ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘርዝር። ቅንጣትን ለማፍጠን ከፍተኛ ቮልት ያስፈልጋል። ቮልቱ በጣም ሲበዛ ግን ብልጭታ ይፈጠርና ሥራው ይቆማል። ስዊድናዊው ጉስታፍ ኢሲንግ በ1924 «ትንሽ ቮልት ደጋግመን እንጠቀም» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ቪደሮ በ1927 ጀርመን አኸን ውስጥ ለዶክትሬቱ ሠርቶ አሳየ። የፖታሲየም አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አቶም) ወደ ብረት ቱቦ ሲገባ 25,000 ቮልት ይገፋዋል። ቱቦው ውስጥ እያለ ምንም አይነካውም፤ በዚያች ቅጽበት ቮልቱ አቅጣጫ ይቀይራል። ሲወጣ ድጋሚ ይገፋል። ባንድ ቮልቴጅ የሁለት ያህል ጉልበት! ዥዋዥዌን ሰዓቱን ጠብቆ እንደመግፋት ነው።

ጥያቄ፦ ሳይክሎትሮን የተባለውን አፋጣኝ ማሽን የሠራው አሜሪካዊው ሎውረንስ አይደል እንዴ?

መልስ፦ ነው። ግን መነሻው በ1929 በርክሌይ ያገኘው የቪደሮ ጽሑፍ ነው። ጀርመንኛው ደካማ ስለነበር በሥዕሎቹ ነው የገባው። ከዚያ ቅንጣቶቹን በማግኔት እያዞረ ቮልቱ በሚገፋበት በዚያው ክፍተት ደጋግሞ አሳለፋቸው። በ1939 ኖቤል ሲሸለም የቪደሮን ውለታ አልካደም።

ጥያቄ፦ ለናዚዎች ሠርቷል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። በ1943 ሃምቡርግ ሄዶ በጀርመን አየር ኃይል ገንዘብ 15 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ጉልበት መለኪያ) የሚደርስ ቤታትሮን፣ ማለትም ኤሌክትሮን እያዞረ የሚያፈጥን ማሽን ሠራ። ያኔ ወንድሙ ቪጎ፣ የኖርዌዩ የቪደሮ አየር መንገድ መሥራች፣ የናዚ እስረኛ ነበር። ያስፈቱልኛል ብሎ ተስፋ ማድረጉን በኋላ ተናግሯል። ከጦርነቱ በኋላ ኖርዌይ ታስሮ በገንዘብ ተቀጥቷል። ወንድም ታስሮ ሌላው ምን ያደርግ ነበር ማለት ቀላል አይደለም። ቢሆንም ሥራውን የምናደንቅ ሰዎች ይህን መደበቅ የለብንም።

ጥያቄ፦ ቅንጣት ማጋጨትስ የማን ሐሳብ ነው?

መልስ፦ የሱ፤ ያውም በዚያው በ1943። በፍጥነት የሚሄድ ቅንጣት የቆመውን ሲመታ አብዛኛው ጉልበት ለግጭቱ አይውልም። ሁለቱም እየበረሩ ፊት ለፊት ሲላተሙ ግን ሁሉም ይውላል። ሃምቡርግ አብሮት የሠራው ብሩኖ ቱሼክ «ይሄማ ግልጽ ነው» ብሎ አጣጥሎበት ነበር። በ1961 ግን ጣሊያን ፍራስካቲ ውስጥ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን (የኤሌክትሮን ተቃራኒ ቅንጣት) የሚያጋጭ የመጀመሪያውን ማሽን ያስነሳው ቱሼክ ራሱ ነው።

ጥያቄ፦ ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

መልስ፦ ከ1946 ጀምሮ ስዊዘርላንድ ሆኖ ለካንሰር ሕክምና የሚውሉ ቤታትሮኖች ሠርቷል። ዛሬ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ካንሰር የሚታከምበት የጨረር ማሽንም ያንኑ የአኸኑን ሐሳብ ነው የሚጠቀመው።