ሊብሬና ሻንሲ ይቅደሙ፤ ሞተሩ ይደርሳል

አሮጌ ጂፕ፣ ላንድሮቨርና የሩሲያ ሥሪቱን ዋዝ ገዝቶ ስለ ማደስ ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱንን ጥያቄዎች እነሆ መልሰናል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ደላላ «ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ እንግሊዞች ይዘውት የገቡት የጦር ዊሊስ ነው» እያለ አንድ ጂፕ ግዛ ይለኛል። እውነቱን በምን ልለይ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ታሪኩ አያስኬድም። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ዊሊስ ኤምቢ የተባለው የጦር ጂፕ አሜሪካ ካለው የቶሌዶ ፋብሪካ መውጣት የጀመረው ደግሞ በዚያው ሰሞን፣ በፈረንጆቹ 1941 መጨረሻ ላይ ነው። ለጎንደሩ ውጊያ ሊደርስ አይችልም። በኋላ የመጣ እውነተኛ ኤምቢ ሊሆን ስለሚችል ግን ወሬውን ትተው ብረቱን ይመርምሩ።

ፊት ለፊቱ ቆመው የፍርግርጉን ክፍተቶች ይቁጠሩ። የጦሩ ዘጠኝ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ለሲቪል የተሠራው ሲጄ-2ኤ ሰባት ነው። የጦሩ የፊት መብራቶች ትንንሽና ከፍርግርጉ ወደ ኋላ ገባ ያሉ ሲሆኑ የሲጄው ትልልቅና ወደ ውጭ የወጡ ናቸው። የቤንዚን መሙያው በሾፌሩ መቀመጫ ሥር ከሆነ የጦሩ፣ በግራ ጎን ከውጭ ከሆነ የሲቪሉ ነው። የጦሩ የኋላ ስፖንዳ የለውም፤ ትርፍ ጎማውም ከኋላ ነው የሚንጠለጠለው። ሲጄው ስፖንዳ አለው፤ ጎማውን በቀኝ ጎኑ ይሸከማል።

ፍርግርግና መብራት በአንድ ቀን ይቀየራል፤ ስለዚህ ደላላው ባሳየዎት ፊት ብቻ አይርኩ። ከኋላ ሄደው ስፖንዳው የነበረበት ቦታ በብየዳ የተዘጋ መሆኑን፣ በግራ ጎን ደግሞ በላሜራ የተደፈነ ክብ ቀዳዳ መኖሩን በእጅዎ እየዳበሱ ይፈልጉ። ቀለሙ ቢሸፍነውም የብየዳው ጉብታ ከውስጥ በኩል ይገኛል።

የጦር መሆኑ ከተረጋገጠ ዊሊስ ወይስ ፎርድ የሚለውን ሻንሲው ይነግረዎታል። ከራዲያተሩ ሥር ያለው ተሻጋሪ ብረት ክብ ቱቦ ከሆነ ዊሊስ ነው፤ ጠርዝ ያለውና ከሥሩ ክፍት ከሆነ ፎርድ የሠራው ጂፒደብልዩ ነው። ፎርድ በብዙ ብሎኖቹ ራስ ላይ «ኤፍ» የሚለውን የላቲን ፊደል አትሟል። ቁጥሩም በግራው ሻንሲ የላይኛ ገጽ ላይ በቀጥታ የተመታ ነው። የዊሊሱ ግን ከግራው ሻንሲ ውስጠኛ ጎን በተሰካች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ሰሌዳ ደግሞ ይነቀላል፣ ይቀየራልም።

ኮፈኑ ከፍ ብሎ ፊቱ የረዘመ ከሆነ ሲጄ-3ቢ ነው፤ አሜሪካ ከ1953 እስከ 1968 (እ.ኤ.አ.) የሠራችው። አይናቁት። ማሂንድራ ሕንድ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ስላመረተው ዕቃው ከብዙዎቹ አሮጌ ጂፖች ይልቅ በቀላሉ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና የት ይፈለጋል? ከውጭ ማስመጣትስ? (ከማራኪ)

መልስ፦ ማስመጣቱን ይርሱት። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። የሚገኘው አገር ውስጥ ያለው ነው።

አንደኛው በር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የማስወገጃ ጨረታ ነው። «በኩር»ንና «አዲስ ዘመን»ን ይከታተሉ፤ የመሥሪያ ቤቶቹን የማስታወቂያ ሰሌዳም አይለፉ። ሲፒኦ ከማስያዝዎ በፊት ሰነዱ ውስጥ አንድ ነገር ይፈልጉ፦ መኪናው የሚሸጠው ከነሊብሬው ነው ወይስ ለቁርጥራጭ ብረት? ለብረት የተሸጠ መኪና ቢታደስም ሰሌዳ ላያገኝ ይችላል። ቀረጥና ታክሱ በማን ላይ እንደሆነም ያንብቡ። «ባለበት ሁኔታ» የሚል ካለ፣ ከጨረታው በኋላ ባትሪውና ካርቡራተሩ ጠፍተው ቢያገኙት የሚሰማዎት የለም። ስለዚህ በመጎብኛው ቀን ፎቶ ያንሱ።

ሁለተኛው በር ሰው ነው። የትኛው ግቢ ውስጥ ምን እንደቆመ ከደላላ ይልቅ የሚያውቁት ባትላሜራዎችና ቶርኖ ቤቶች ናቸው። ወደ መተማና ሁመራ የሰሊጥ እርሻዎች የሚያቀኑ ከሆነ የትራክተር መካኒኮችን ይጠይቁ። ቆላው ለላሜራ ደህና ነው፤ ጎማን፣ ጓርኒሲዮንንና የሽቦ ልባስን ግን ያደርቃል። ደጋ ላይ የቆመ መኪና ለማየት ከጥቅምት በኋላ ይሂዱ፤ በክረምት ሻንሲው ጭቃና ሣር ውስጥ ስለሚሆን የሚያዩት ኮፈኑን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የላንድሮቨሩ ባለቤት አርፈዋል። ልጃቸው አባቱ በሕይወት እያሉ በሰጡት ውክልና ሊሸጥልኝ ነው። ችግር አለው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አለው። ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናው አብሮ ይቀራል። በፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይውጣ፤ ከዚያ ወራሾቹ ሁሉ ይፈርሙ፤ ባልቴቷም የራሳቸው ድርሻ ስላላቸው ይፈርሙ። ከወንድምና እህቶቹ አንዱ ውጭ አገር ከሆነ ውክልናው በኤምባሲ በኩል እስኪመጣ ይጠብቁ እንጂ ቀብድ አይስጡ። እግድ ወይም የባንክ ዋስትና እንዳለበትም ፋይሉ ካለበት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ያጣሩ።

ከዚያ ቁጥሩን። የሻንሲውን ቁጥር በነጭ ጋዝና በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፤ ወረቀት ለጥፈው በእርሳስ ያሹት፤ የወጣውን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ዙሪያው የተሞረደ፣ ብየዳ የነካው ወይም ፊደላቱ የተዛነፉ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። የሞተር ቁጥር ብቻ ከተለየ ሞተሩ ተቀይሮ ሳይመዘገብ ቀርቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ የሚስተካከል ነው፤ ግን የሞተሩን የግዢ ሰነድ ማቅረብና ማስመዝገብ የሻጩ ሥራ ይሁን፣ ያውም ከክፍያ በፊት።

ጥያቄ፦ ለዓመታት የቆመ ዊሊስ አግኝቻለሁ፤ ሞተሩ አልዞር ብሏል። «ጎትተን በካምቢዮ እናስነሳዋለን» ይሉኛል። (ከአራዳ)

መልስ፦ እንዳያደርጉት! የተጣበቀ ሞተር በካምቢዮ ሲጎተት ፒስተን ይሰበራል ወይም ቢየላ (የፒስተኑ ክንድ) ይጣመማል። የመቶ ብር ችግር የሙሉ ሞተር ሥራ ይሆናል።

በዚህ ሞተር ላይ ቫልቮቹ ያሉት ብሎኩ ውስጥ በፒስተኖቹ ጎን ነው፤ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተራ ክዳን ነው ማለት ይቻላል። በካንዴላ ቀዳዳ የሚጨምሩት ዘይት ወደ ቫልቮቹ በኩል ሊቀር ስለሚችል ቴስታታውን ማንሳት ይሻላል። ዳዶዎቹን ከመሃል ወደ ዳር ሳይሆን ከዳር ወደ መሃል በጥቂት በጥቂቱ ያላሉ፤ የዛገውን ፕሪጆኔር (ቴስታታውን የሚይዘውን ብሎን) በኃይል አያዙሩት፣ ይሰበራል። ከዚያ በየሲሊንደሩ ናፍታና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ተቀላቅሎ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ያፍስሱ፤ ግማሽ የቡና ስኒ ያህል ነው። ከሦስት ቀን እስከ ሳምንት ይተዉት፤ ሲጠጣ ይጨምሩ። ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ፣ ከፒስተኑ በላይ ያለውን የዝገት ቀለበት በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት ያንሱ፤ ብዙ ጊዜ የፒስተኑን ፋሻ (ቀለበቱን) የሚይዘው እሱ ነው።

ማዞሩ በሞተሪኖ ሳይሆን በእጅ ማስነሻው ብረት ወይም ከፊት ባለው ፑሌጃ በቁልፍ ወዲህና ወዲያ ይሁን፤ ሩብ ዙር ከሄደ ቀሪው ይመጣል። ከተላቀቀም በኋላ ቫልቮቹ በየተራ ወጥተው መመለሳቸውን ይመልከቱ፤ ተከፍቶ የቀረ ቫልቭ በዚህ ሞተር ላይ የተለመደ ነው። የሥረኛውን የዘይት ገንዳ ሳያጥቡ አያስነሱ።

ኮምፕሬሽን፣ ማለትም የሲሊንደሩ የእመቃ ግፊት፣ ሲለካ ደግሞ አንድ ነገር ያስቡ። የፋብሪካው መጽሐፍ የሚሰጠው 110 ፒኤስአይ አካባቢ ለባሕር ወለል ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል፤ ጤነኛ ሞተር እዚህ 85 አካባቢ ቢያነብ አይደንግጡ፤ «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ረክቲፊካ (ሲሊንደሩን በማሽን ማስፋት) የሚያዝ መካኒክ ሊያጋጥመዎት ይችላል። ዋናው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ10 ፒኤስአይ መብለጥ የለበትም።

ጥያቄ፦ ላንድሮቨር አልሙኒየም ስለሆነ አይዝግም ተብያለሁ። (ከሳሙና በር)

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። አካሉ አልሙኒየም ነው፤ ሻንሲውና ከሞተሩ ኋላ ያለው የፊት ግድግዳ ግን ብረት ነው። ሁለቱ በሚነካኩበት ቦታ፣ እርጥበት ሲገባ፣ አልሙኒየሙ ራሱ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል። በበሮቹ ታችና በወለሉ ጠርዝ ይዩት።

መዶሻ ይዘው ሥሩ ይግቡ። ሻንሲውን ከፊት ባሌስትራ መያዣ ጀምረው እስከ መጨረሻው ተሻጋሪ ብረት ይምቱ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ጤና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ውስጡ በዝገት ቅርፊት መሞላቱን ይነግራል። የሚበላው ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ ላዩ ለስላሳ ቢሆን አያታልልዎ። ትኩስ ጥቁር ሬንጅ ከተቀባ ሻጩን «ልፋቀው?» ይበሉት፤ እምቢ ካለ መልሱን አግኝተዋል። በዊሊስና በዋዝ ላይ ስቱኮ ለመፈለግ ማግኔት በቂ ነው፤ በላንድሮቨር አካል ላይ ግን ማግኔት ስለማይይዝ በጣት ማንኳኳት ነው ያለዎት። አልሙኒየሙን በተራ ኤሌክትሮድ ለሚበይድ ሰው እንዳይሰጡት።

ጥያቄ፦ የዊሊሱን 6 ቮልት ወደ 12 መቀየር ይቻላል? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ሽቦው ወፍራም ስለሆነ ይችላል። አምፖሎች፣ ኮይል፣ ዲናሞና ሬጉላቶር ይቀየራሉ፤ ለቤንዚን መለኪያው ቮልት መቀነሻ ይገባል። የ6 ቮልቱ ሞተሪኖ በ12 ይሠራል፤ አጥብቆ ስለሚመታ ግን ከአምስት ሰከንድ በላይ አይያዙት። የ12 ቮልት ሞተሪኖ ገዝተው ሊገጥሙ ቢያስቡ የቮላኖው ጥርስ ይለያያል፣ አይገጥምም።

ጥያቄ፦ ዋዝ ርካሽ ነው፤ ማደስ ያዋጣል? (ከደባርቅ)

መልስ፦ ለመጀመሪያ ሥራ ከእሱ የተሻለ የለም። ሞተሩ 2.4 ሊትር፣ 75 የፈረስ ጉልበት፣ ዝቅተኛ ኦክቴን ቤንዚን የሚጠጣ ነው፤ ሁሉም ነገር በእጅ ይደረስበታል። ከመግዛትዎ በፊት ግን የትኛው እንደሆነ ይለዩ። የጦሩ 469 በየጎማው ጫፍ ተጨማሪ ጥርሶች ስላሉት ከመሬት 300 ሚሊ ሜትር ይነሳል፤ የሲቪሉ 469ቢ 220 ብቻ ነው። የጦሩ ከፍ ይላል፤ ዘይት የሚያፈሱ ቦታዎቹም በዚያው ልክ ይበዛሉ፤ የየጎማውን የውስጥ ጎን ይዳብሱ። ከፊት መቀመጫዎቹ ሥር ያሉትን ሁለቱን የቤንዚን ታንከሮች አውጥተው ያጥቡ፤ ካርቡራተሩን ደጋግሞ የሚዘጋው የእነሱ ዝገት ነው።

ጥያቄ፦ ከአዲ አርቃይ የገዛሁትን ጎትቼ ላምጣው ወይስ ልጫነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ይጫኑት። ፍሬኑ ያልተረጋገጠ መኪና በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ በገመድ አይሞከርም። ጂፕ አንድ ቶን አካባቢ፣ አጭሩ ላንድሮቨር ከ1.3 እስከ 1.4 ቶን፣ ዋዝ 1.6 ቶን ገደማ ስለሆነ አይሱዙ በቀላሉ ይሸከማቸዋል። መጫኛ ከሌለ የአይሱዙውን ኋላ ከመንገድ ዳር ካለ ከፍ ያለ አፈር ጋር ያስጠጉና በሳንቃ ይግፉት። ቤንዚኑን ያፍስሱ፤ የፊት መስታወቱን ወደ ኮፈኑ አጥፈው ያስተኙት፤ አራቱንም ጎማ ታኮ ያድርጉ። ገመዱን ከአካሉ ሳይሆን ከአክስሉ ይሰሩ፤ አለበለዚያ ባሌስትራው ሲዘል ገመዱ ይላላል። የተፈታ ዕቃ ካለ ከመነሳትዎ በፊት ቆጥረው ይፈራረሙ።

ጥያቄ፦ ስንት ይገዛ? (ብዙዎች)

መልስ፦ ቁጥር አንሰጥም። ከሻጩ ጋር ሲከራከሩ ግን የሚጎድለውን በዚህ ቅደም ተከተል ይቀንሱ፦ መጀመሪያ ሊብሬ፣ ቀጥሎ ኃይልን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ካምቢዮና የፊት አክስል፣ ከዚያ መሪ፣ ፍርግርግና የዳሽቦርድ ሰዓቶች። ሞተሪኖ፣ ራዲያተርና ማርሚታ ቢጎድሉ ብዙ አይከራከሩባቸው፤ ይሠራሉ፣ ይበየዳሉ። ጎማም እንደዚያው ነው፤ የረጅሙ ላንድሮቨር 7.50-16 በአይሱዙ ምክንያት በየሱቁ አለ። ዊሊሱ የሚፈልገው 6.00-16 ግን ጠባብ ስለሆነ አስቀድመው ያፈላልጉ፤ 7.50ውን አስገድዶ መግጠም መሪውን ያከብደዋል።