«ገንዘቡ አለኝ፤ ለምን አይሸጡልኝም?» ላላችሁኝ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ከምትጽፉልኝ መልእክቶች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ቅሬታ አላቸው። ለዓመታት ቆጥባችኋል። አንዳንዶቻችሁ ሥራችሁ ሠምሮላችኋል። ከልጅነታችሁ ጀምሮ የምትመኙት ስፖርት መኪና በውስን ቁጥር ሊወጣ ነው ሲባል ሰማችሁና ወደ ሻጩ ሮጣችሁ። መልሱ ግን አንድ ቃል ሆነባችሁ፦ «አልቋል»። መኪናው ገና ከፋብሪካ አልወጣም፤ ግን አልቋል። «የኔ ገንዘብ ከማን ገንዘብ ያንሳል?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ።

ቁጣችሁ ይገባኛል። የሥራ ዘመኔን ከፊሉን መኪና በመሸጥ፣ ከፊሉን ደግሞ ገዢዎችን በማማከር ነው ያሳለፍኩት። ስለዚህ የማውቀውን በግልጽ ልንገራችሁ። እነዚህን መኪናዎች የሚያስገኘው ገንዘብ አይደለም። ገንዘብማ እዚያ በር ላይ የቆመው ሁሉ አለው። የተጠባባቂዎች ዝርዝር የሚባለውም ወረፋ አይደለም። ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ አይገዛም። ይህንን ሳይረዱ የገቡበት ወጣቶች ሲከስሩ አይቻለሁ፤ የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን ተመልከቱ። ፌራሪ ኤፍ50ን የሠራው 349 ብቻ ነው። ቁጥሩ የተወሰነው ገበያው ይፈልጋል ተብሎ ከተገመተው ላይ አንድ ተቀንሶ ነው። እጥረቱ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ታስቦበት የተሠራ ነው። ላፌራሪ የተባለው ሌላው የፌራሪ መኪና 499 ተሠራ፤ ገዢዎቹም በኩባንያው የተመረጡ ነባር ደንበኞች ነበሩ። ከዚያ በኋላ አንድ ተጨማሪ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በጣሊያን የመሬት መንቀጥቀጥ ለደረሰባቸው ሰዎች ርዳታ በጨረታ ቀረበ። ለማንም ባለገንዘብ ክፍት የሆነው እሱ ብቻ ነበር። የተሸጠው 7 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ከመደበኛ ዋጋው ብዙ እጥፍ ማለት ነው። በገንዘብ ብቻ ልግባ ለሚል ሰው የበሩ ዋጋ ምን ያህል እንደሚሆን ከዚህ መገመት ትችላላችሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ወኪል ሻጭ ድርሻ ያከፋፍላል። ብዙ ጊዜ ድርሻው የሚለካው ሻጩ ከዚያ በፊት በሸጠው መኪና ብዛት ነው። ትልቁ ሻጭ ጥቂት ይደርሰዋል። ትንሹ አንድ ቢደርሰው ነው፤ አንዳንዴ ጭራሽ ምንም አይደርሰውም። አንዳንዱ ፋብሪካ ደግሞ ገዢውን ራሱ ይመርጣል። ያን ጊዜ ሻጩ ስም ከማቅረብ ያለፈ ሥልጣን የለውም። ፖርሼ እ.ኤ.አ. በ2016 911 አር የተባለውን መኪና 991 ብቻ ሠርቶ ሲያወጣ ቅድሚያ የሰጠው 918 ስፓይደር ለገዙ ሰዎች ነው። 918 ስፓይደር ራሱ 918 ብቻ ነው የተሠራው። ለ911 አር የቀረው ቦታ ምን ያህል ጠባብ እንደነበር አስቡት።

እስቲ አሁን ለአንድ አፍታ የሽያጭ ኃላፊው ሁኑ። የደረሳችሁ አንድ መኪና ነው። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። አንደኛው ደዋይ መኪናውን በየጊዜው ለሰርቪስ የሚያመጣላችሁ፣ የድሮውን ሲለውጥ መልሶ ለእናንተው የሚሸጥ፣ እህቱንና ጓደኞቹን ይዞ የመጣ ሰው ነው። ሌላው ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደውሎ «ሙሉ ክፍያ በአንዴ እከፍላለሁ» ይላል። ሁለተኛውን አታውቁትም። በሚቀጥለው ሳምንት መኪናውን ጨረታ ላይ ሊያወጣው ይችላል። ያን ጊዜ ከፋብሪካው ስልክ ይደወላል፦ «ይህን መኪና ለማን ነው የሰጣችሁት?» በሚቀጥለው ዙር ድርሻችሁ ሊቀነስ ይችላል። ለማን ትሰጣላችሁ?

እንዲህ ባሉ ስብሰባዎች ላይ ተቀምጫለሁ። ዝርዝሩ ይወጣል፤ ግን ከላይ ወደ ታች አይነበብም። ውይይቱ ስለ ሰው ነው። «እሱ ይነዳዋል ወይስ ይቸበችበዋል?» «እሷ ባለፈው የማይፈለገውን ሞዴል ገዝታልን አልነበረም?» «ያ ልጅ እኮ ስልክ አያነሳም።» ቀብድ ማን ቀድሞ ከፈለ የሚለው የሚነሳው እኩል የሆኑ ሰዎች ሲገኙ ነው። ቀብድ የሚያሳየው ፍላጎትን ብቻ ነው። ደግሞ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ለአምስት ሻጭ ቀብድ ያስይዛል፤ ሻጩም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት መኪናው ካልተገኘ ገንዘቡ እንደሚመለስ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚመለስ በጽሑፍ አስፍሩ። በቃል የተነገረ ነገር አይበቃም። ሰውየው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ነገ ሥራ ሊቀይር ስለሚችል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ ልምጣ። ሻጩ ወይም አንድ ወዳጃችሁ «የግዢ ታሪክ ያስፈልግሃል» ይላችኋል። ያንን ታሪክ ለማግኘት የማትፈልጉትን መኪና ትገዛላችሁ። ከዓመት በኋላ ሌላ ትደግማላችሁ። መደበኛ ሞዴል በብዙ አማራጭ ዕቃ ተሞልቶ ከተገዛ፣ ከበሩ ሲወጣ ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል። ሁለቱን ስትሸጡ የምትከስሩት ገንዘብ የሦስተኛው መኪና ዋጋ አካል ነው። ለዚያውም ሦስተኛው ከመጣ ነው። ብዙ ጊዜ አይመጣም። ቃል የገባላችሁ ኃላፊ ወደ ሌላ ድርጅት ይሄዳል፤ ድርጅቱ ራሱ ለሌላ ባለቤት ይሸጣል፤ ወይም ፋብሪካው ሞዴሉን ይሰርዛል። አዲሱ ኃላፊ የእናንተን ታሪክ ከኮምፒውተር ያነበዋል እንጂ ቃሉ የሱ ዕዳ አይደለም። አንድ ወጣት ደንበኛዬ በዚህ መንገድ ሦስት የማይወዳቸውን መኪናዎች ገዝቶ አራተኛውን ሳያገኝ ቀርቷል። ተስፋ የቆረጠበት ቀን ፊቱ አሁንም ትዝ ይለኛል።

የምመክራችሁ ይህን ነው፦ በራሱ የምትወዱትንና የምትነዱትን ካልሆነ መኪና አትግዙ። ለራሱ ሲባል የተገዛ መኪና የግዢ ታሪክም ይሆንላችኋል። ለታሪክ ሲባል የተገዛ ግን ታሪኩ ካልሠራ ኪሳራ ብቻ ነው።

ከዋጋ በላይ ስለሚጠየቅ ጭማሪ ብዙዎቻችሁ ጽፋችሁልኛል። «ሕገ ወጥ አይደለም ወይ?» ትላላችሁ። በአሜሪካ አይደለም። እዚያ አዲስ መኪና ላይ የዋጋ ወረቀት እንዲለጠፍ የሚያስገድደው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ፋብሪካው ሐሳብ ያቀረበበት ዋጋ ነው። ሻጩ ከፋብሪካው የተለየ ነጋዴ ስለሆነ የፈለገውን መጠየቅ ይችላል። ፋብሪካዎቹም ይህ ስማቸውን ስለሚያጎድፍ መላ ይፈልጋሉ። ዶጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ዲመን የተባለውን 3,300 ብቻ የተሠራ መኪና ሲያወጣ በወረቀቱ ዋጋ ወይም ከዚያ በታች የተሸጡትን ቀድሞ እንደሚሠራ ለሻጮች አሳወቀ። በጭማሪ የተሸጠው ከኋላ ይሰለፋል ማለት ነው። እኔ ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ። ትርፍ ማግኘት የሻጩ መብት ነው፤ ለዓመታት የጠበቀን ሰው በመጨረሻዋ ቀን ተጨማሪ ክፈል ማለት ግን ነውር ነው። ሲጠይቋችሁ እንዳትደነግጡ መጨረሻ የምትከፍሉትን ጠቅላላ ዋጋ ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ጠይቁ። ሻጩ «አልጽፍም» ካላችሁ መልሱ ያ ነው።

ስለ ውሉ ደግሞ አደራ እላችኋለሁ። አንብቡት። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2016 ጂቲ ለተባለው አዲስ ስፖርት መኪናው የገዢዎች ማመልከቻ ሲቀበል የመጀመሪያው ዙር 500 መኪና ነበር። 6,506 የተሟላ ማመልከቻ ገባ። አመልካቾች መኪናውን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ተጠይቀዋል፤ ቪዲዮ ያስገቡም ነበሩ። የተመረጡት ደግሞ ለሁለት ዓመት ላለመሸጥ ፈረሙ። ዝነኛው ታጋይና ተዋናይ ጆን ሲና መኪናውን ባገኘ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሸጠው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰሰው። በሚቀጥለው ዓመት በስምምነት ተፈታ፤ እሱም ይቅርታ ጠየቀ፤ በስምምነቱ የተከፈለው ገንዘብም ለበጎ አድራጎት ዋለ። እሱን ያልማረ ውል እኔንና እናንተን አይምርም።

ሌሎቹም የየራሳቸው ዘዴ አላቸው። ፖርሼ በአሜሪካ 911 ኤስ/ቲን ለገዢዎች የሰጠው መጀመሪያ ለአንድ ዓመት በኪራይ ውል ነበር። በኪራይ ውስጥ ያለ መኪና የእናንተ ስላልሆነ አትሸጡትም። ጀኔራል ሞተርስ ደግሞ ኮርቬት ዚ06 የተባለውን ስፖርት መኪናውን በዓመት ውስጥ መልሶ የሸጠ ሰው የመኪናው ዋስትና ከፊሉ ለአዲሱ ገዢ እንደማይተላለፍ፣ ያ ሰው ራሱም ተፈላጊ ሞዴሎችን እንደገና ማዘዝ እንደማይችል አስታወቀ። ለአንድ ዓመት ላቆየው ደግሞ 500,000 የሽልማት ነጥብ ሰጠ። እነዚህ ገደቦች አንዳንዶቻችሁን ያናድዷችኋል። እኔ ግን እደግፋቸዋለሁ። መኪናው ሊነዳው ለሚፈልግ ሰው የሚደርሰው እንዲህ ሲደረግ ነው። ችግር ገጥሟችሁ መሸጥ የግድ ቢሆንባችሁ እንኳ መጀመሪያ ለሸጠላችሁ ሰው ደውሉ። ብዙ ጊዜ መኪናውን መልሶ ይገዛላችኋል፤ ስማችሁም ይተርፋል።

አየር በአየር ልትነግዱበት ያሰባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። «ገዝቼ ወዲያው ብሸጠው ቤት እሠራበታለሁ» ብሎ የጻፈልኝም አለ። 911 አርን ተመልከቱ። በአሜሪካ የተነሳበት ዋጋ 184,900 ዶላር ነበር። በወራት ውስጥ ብዙ እጥፍ ተጠየቀበት። በሚቀጥለው ዓመት ፖርሼ ጂቲ3 ለተባለው ሌላው 911 ልክ 911 አር እንዳለው ዓይነት የእጅ ማርሽ መለሰለት። ልክ እንደ 911 አር ትልቅ የኋላ ክንፍ የሌለውን፣ ቱሪንግ የተባለ የጂቲ3 ዓይነትም አወጣ። ቁጥሩንም አልገደበም። የ911 አር ዋጋ ረገብ አለ፤ በጫፉ ላይ የገዙት ተጎዱ። ፋብሪካው ነገ ምን እንደሚሠራ ከፋብሪካው በቀር የሚያውቅ የለም።

ይኸው ታሪክ ለሚነዳ ሰው ግን የምሥራች ነበር። የሚፈልገው ስሜት ከሞላ ጎደል ቁጥሩ ባልተገደበ መኪና ውስጥ ተገኘ። የወደዳችሁት መኪናው ነው ወይስ ውስንነቱ? መልሱን ለኔ መጻፍ የለባችሁም። መኪናውን ከሆነ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ በሁለተኛ እጅ ወይም በመደበኛው ሞዴል ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ማንንም ደጅ ሳትጠኑ።

አንዳንድ ጊዜ ዕጣም አለ። ቶዮታ ጂአርኤምኤን ያሪስን በጃፓን 500 ብቻ ሲሸጥ ገዢዎቹን በዕጣ ነው የለየው። ዕጣ ሲኖር ሁልጊዜ ሞክሩ። ታሪክ አይጠይቅም፤ ከሁሉም ይበልጥ ፍትሐዊው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

በሻጭ በኩል ለመሄድ የወሰናችሁ ግን አንድ ሻጭ ምረጡና በዚያ ጽኑ። አሁን ያላችሁን መኪና እዚያ አሠሩ፤ ስትለውጡትም እዚያ ሽጡ። አንድ ሰው ያዙ፤ የምትፈልጉትን በግልጽ ንገሩት። በየሳምንቱ አትጨቅጭቁት። በወራት አንዴ ሰላም በሉት። የማትገዙትን «እገዛለሁ» አትበሉ፤ እንቢ ማለታችሁ አያስቀይመውም፤ ቃል ሰጥታችሁ መጥፋታችሁ ግን አይረሳም።

ደግሞ የሚሰረዝ ትእዛዝ ሁልጊዜ አለ። ሰው ይታመማል፣ ይፋታል፣ ሐሳቡን ይቀይራል። ያን ጊዜ ሻጩ የሚፈልገው በዚያው ቀን ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠውን ሰው ነው። ገንዘቡ የት እንዳለ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ከባንክ የምትበደሩ ከሆነም ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጨርሱ። ስልካችሁን አንሡ። መኪናው በሌላ ሰው ምርጫ የተቀባና የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል፤ ከየትኛው ቀለም ጋር መኖር እንደማትችሉም ከአሁኑ ወስኑ።