በአፍንጫ የገባ ሐኪም ቀዳዳውን በምን ይደፍነዋል?

የፒቱታሪ (ከአንጎል ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ) ዕባጭ ዛሬ በአብዛኛው በአፍንጫ በኩል፣ በኢንዶስኮፕ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ይወጣል። ሥራው ሲያልቅ ታዲያ አንጎልን ከአፍንጫ የሚለየው ግድግዳ ክፍት ነው። የዛሬ ጥያቄዎቻችሁ ሁሉ ስለዚያ ቀዳዳ ናቸው።

ወንድሜን «በኮላጅን ደፍነንልሃል» አሉት። ዕድሜ ልኩን እዚያው ይቀራል?

አይቀርም እህቴ። ኮላጅኑ እንደ ስስ ስፖንጅ ያለ ቁራጭ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከከብት ጅማት ይሠራል። ሲረጥብ ይለሰልስና የአጥንቱን ጎድጓዳ ይዞ ይተኛል። ከዚያ የወንድምሽ የራሱ ሴሎች ገብተውበት ሽፋን ይሠራሉ፤ ስፖንጁ ቀስ እያለ ይሟሟል።

ይሄ ሁሉ ዕቃ እያለ በስልሳ ዓመቴ ሆዴን ለምን ቀደዱት? ስብ ወስደናል አሉኝ።

ጋሼ፣ በአፍንጫ ገብቶ በሆድ ስፌት መውጣት ያናድዳል። ነገሩ ግን የሚወሰነው በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የአንጎል ፈሳሽ፣ ማለትም አንጎልን የከበበው ውኃ፣ በመፍሰስ አለመፍሰሱ ነው። ካልፈሰሰ ስስ ኮላጅን ሊበቃ ይችላል። ትንሽ ከፈሰሰ ስብ ጥሩ ውታፍ ነው። ቀዳዳው ሰፊ ሆኖ ብዙ ከፈሰሰ ደግሞ የአፍንጫን መሀል ግድግዳ የሸፈነውን ሥጋ ከነደም ሥሩ ገልብጠው ያለብሱታል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2006 ከታተመ ወዲህ ተስፋፍቷል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለትልቅ ቀዳዳ ደም የሚዞርበትን ሥጋ ከፋብሪካ ዕቃ አስበልጣለሁ።

ማጣበቂያው ብቻውን አይበቃም?

አይበቃም። ከሰው ፕላዝማ የሚሠራው ፋይብሪንም ሆነ ሰው ሠራሹ ጄል ሥራው የተለጠፈው እንዳይንሸራተት መያዝ ነው።

እማዬ ካገገመች በኋላ ጎንበስ ስትል ከአንድ አፍንጫዋ ጠብ ጠብ ይላል። «ጉንፋን ነው፣ ተዉኝ» ትላለች።

አትተዋት፤ ዛሬውኑ ለቀዶ ሐኪሟ ንገር። ንፍጥ ይዝለገለጋል፣ መሐረብ ላይ ሲደርቅም ጨርቁን ድርቅ ያደርገዋል። የአንጎል ፈሳሽ ግን እንደ ውኃ የጠራ ነው፤ በጉሮሮ ሲወርድ ጨው ጨው ይላል። በዓይን ብቻ አይለይም። ጠብታው በንጹሕ ዕቃ ተይዞ ላቦራቶሪ ይሂድ፤ ቤታ-2 ትራንስፈሪን የሚባለው ፕሮቲን ከተገኘበት የአንጎል ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ በወጣበት ጀርም ይገባል፣ ማጅራት ገትር ያመጣል። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የአንገት መገተር ካለ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት።

እስከ መቼ ነው የማልናፈጠው?

ለሳምንታት ነው፤ ልኩን ቀዳዳህን ያየው ሐኪም ይንገርህ። ካስነጠሰህ አፍህን ከፍተህ አስነጥስ። ከባድ ዕቃ አታንሳ፣ ሽንት ቤት አታምጥ። ማታ አየር የሚገፋ የእንቅልፍ ማሽን የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ሳታስፈቅድ እንዳትከፍተው፤ አየሩ በዚያው ቀዳዳ ወደ ራስ ቅልህ ሊገባ ይችላል።