«ቤታችንን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ» ለምትል ልጅ ምን ይመለሳል?

እህቴ፣ የ11 ዓመቷ ልጅሽ አባቷ ጋ ሰንብታ ስትመለስ «ቤታችንን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ፤ ንብረት ልትነጥቂው ነው የከሰስሽው» እንደምትልሽ፣ ታናሽ ወንድሟንም «ከእሷ ከወገንክ አላናግርህም» እያለች እንደምታስፈራራው ጽፈሻል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይጣራ። ወላጁን የሸሸ ልጅ ሁሉ በሌላው ወላጅ ተሰብኮ አይደለም። ዱላ፣ ስድብ ወይም ስካር ያየ ልጅ በራሱ ምክንያት ይርቃል፤ እሱን «አጣመሙት» ማለት ሌላ በደል ነው። የተሰበከ ልጅ ግን ጥላቻውና ምክንያቱ አይመጣጠኑም። አንዱ ወላጅ እንከን የለሽ፣ ሌላው ምንም በጎ ነገር የሌለው ይሆንበታል። «መቼ? እንዴት?» ሲባል ዝርዝር ያጣል፤ ኩርፊያው ምንም ላላደረጉት አያትና አክስት ጭምር ይተርፋል። «ንብረት ልትነጥቂው» የሚለውም የ11 ዓመት ልጅ አነጋገር አይመስልም።

እነዚህን ምልክቶች ሪቻርድ ጋርድነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1985 እ.ኤ.አ. እንደ ሕመም ስም ሰጥቷቸው ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው የምርመራ መመሪያ ግን እንደ ሕመም አልመዘገበውም። ስለዚህ ችሎት ፊት የበሽታ ስም ይዘሽ አትቅረቢ፤ ቀንና ድርጊት ይዘሽ ቅረቢ።

ልጅቷ ስትናገርሽ «ውሸት ነው፣ አባትሽ ራሱ...» ብለሽ ከጀመርሽ አለቀ፤ ምረጪ እያልሻት ነው። የክስ ወረቀት አውጥቶ ማሳየት ደግሞ የባሰ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ያደርገዋል። ይልቅ «ይህን መስማት እንደሚከብድሽ ይገባኛል። የእኔና የአባትሽ ጉዳይ የትልልቅ ሰው ነው፤ አንቺ እንድትፈርጂ አይጠበቅብሽም» በያትና ወደያዝሽው ሥራ ተመለሺ። «ትተሽናል» ካለች ብቻ በአንድ ዓረፍተ ነገር አርሚያት፦ «አልተውኳችሁም፣ ይኸው አለሁ።» አትድገሚው።

ስትመለስ የመጀመሪያውን ሰዓት ከጥያቄ ነፃ አድርጊላት። «ምን አለሽ? ማን ነበር?» የሚባል ልጅ ወሬ ማመላለስን ይለምዳል፤ ለሁለቱም ቤት የሚጥመውን ያቀብላል።

የወንድሟ ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። «አንተማ ታውቀኛለህ» ማለት ስለሚቀናሽ ተጠንቀቂ፤ አባትየው በእሷ ላይ የሠራውን አንቺ በእሱ ላይ ሠራሽው ማለት ነው። እህቱ በስልክ ምን እንደምታወራም አትጠይቂው። ለየብቻቸው ጊዜ ስጫቸው፤ ያለ በቂ ምክንያት ግን የጉብኝት ቀናቸው አይለያይ፣ ጎራው ይጠነክራል። ማስፈራራቱን ሁለቱም ባሉበት አስቁሚው፦ «እዚህ ቤት አባቱንም እናቱንም የወደደ አይኮረፍም።»

ማስታወሻ ያዢ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ልጅቷ ያለችው ቃል በቃል፣ ማን እንደነበረ፣ አንቺ ምን እንደመለስሽ። አስተያየትሽን አትጨምሪ። ልጅቷን በድብቅ በስልክ አትቅረጫት፤ ያወቀች ቀን እምነቷ ያልቃል። ለአባትየው የምትጽፊው አጭር ይሁን፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጉዳይ ብቻ፤ ልጆቹም መልእክት አያድርሱ።

አንቺ ጋ መምጣቷን ካቆመች «ትረጋጋ» ብለሽ ወራት አታሳልፊ፤ መቅረቱ ይለመዳል። የመረከቢያው ሰዓትና ቦታ፣ የስልክ ጥሪው ቀን ሳይቀር በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ እንዲሰፍር ጠይቂ። የምክር ባለሙያም ካስፈለገ ሁለታችሁንም የሚያነጋግር ይሁን፤ አንድ ወገን ብቻ የሰማ ባለሙያ የጻፈውን ሌላው ጠበቃ በቀላሉ ይጥለዋል።