ልጆችና ተፈጥሮ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ5 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት ጫካ ይዣቸው እወጣለሁ። የዛፎቹን ስም እየነገርኩ ላስተምራቸው ስሞክር ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «ደከመን፣ እንመለስ» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መንገዱን ያሳጥሩት፤ ስም መንገሩንም ለጊዜው ይተዉት። የ5 ዓመት ልጅ ሩቅ ከመጓዝ ይልቅ አንድ ድንጋይ አገላብጦ ከሥሩ ያለውን ማየት ይወዳል። ከቤት ብዙ የማይርቅ ቦታ ይምረጡ። 3 ሜትር ገመድ ጫፍና ጫፉን ቋጥረው መሬት ላይ ክብ አድርገው ይዘርጉት፤ 1 ሜትር ገደማ ስፋት ይኖረዋል። የዕለቱ ሥራ በክቡ ውስጥ ሕይወት ያለውን ሁሉ መፈለግ ነው። ትንሹ እግር ይቁጠር፦ 6 ከሆነ ነፍሳት፣ 8 ከሆነ ሸረሪት ወይም ዘመዷ ነው። ትልቁ ይሣል፣ ይመዝግብ።

አጉሊ መነጽር ካለ አያያዙን ቀድመው ያሳዩአቸው። ልጆች ሌንሱን የሚያዩት ነገር ላይ ደቅነው ራሳቸው ስለሚርቁ ይደበዝዝባቸዋል። 10 ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ ሌንስ የሚያዘው ዓይን ሥር ተጠግቶ ነው፤ ቅጠሉ ደግሞ ጥርት እስኪል ድረስ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይቀርባል። በሌንስ ፀሐይን ማየት ፈጽሞ አይፈቀድም።

ጉንዳኖች ተሰልፈው ሲሄዱ ካገኙ ሌላውን ሁሉ ትተው እዚያው ይቆዩ። «መንገዱን በምን ያውቁታል?» ብለው ይጠይቁ እንጂ መልሱን አይንገሩ። ከዚያ ሰልፉ ክፍት ሲያገኝ ጠብቀው አንድ ስንዝር ያህል አፈሩን በእንጨት ይጥረጉ፤ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ላይ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ። ከሁለቱም ወገን የመጡት እዚያ ሲደርሱ ቆም ይላሉ፣ አንቴናቸውን እያወዛወዙ ይዞራሉ፣ አንዳንዶቹም ይመለሳሉ። አንዱ ሲሻገር ሌላው ይከተለዋል፤ ሰልፉም ይገጥማል። ብዙ የጉንዳን ዓይነቶች የሚከተሉት ባልንጀሮቻቸው መሬት ላይ የተዉትን ሽታ ስለሆነ ነው። በዓይን የሚመሩ ዓይነቶችም ስላሉ ምንም ላይደናገሩ ይችላሉ። ያኔ «ለምን ይሆን?» ብለው ከልጆቹ ጋር ይወያዩበት፤ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ በጠርሙስ ያኖረችው አባጨጓሬ በማግሥቱ ሞተ። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የሚገድለው ሙቀት ነው፤ የተከደነ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። ሌላው ምግብ ነው። ብዙ አባጨጓሬዎች የሚበሉት የተወሰኑ ተክሎችን ብቻ ስለሆነ ቅጠሉ ከተገኘበት ተክል ይቀጠፍ፤ በየቀኑም ይለወጥ። በክዳን ፋንታ ስስ ጨርቅ ይሰሩበት። የውኃ ዕቃ አያስፈልገውም፣ ይሰጥምበታል። መብላት አቁሞ ዝም ካለም ሞተ ብላችሁ አትጣሉት፤ ቆዳውን ሊቀይር ወይም ሙሽሬ (ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ያለው ደረጃ) ሊሆን ስለሚችል አትነካኩት። ፀጉራሙን በባዶ እጅ መያዝ ግን ቆዳ ያሳክካል። እኛ የምንመርጠው ሩብ ሰዓት አይቶ ወደዚያው ተክል መመለስ ነው።

ጥያቄ፦ ጅረት ዳር ብንሄድስ?

መልስ፦ ውኃው ከትንሹ ልጅ ቁርጭምጭሚት የማይበልጥበትን ቦታ ይምረጡ። ከላይ በኩል ዝናብ ካለ ደራሽ ሊመጣ ስለሚችል ይቅርባችሁ። ቢልሃርዝያ ባለበት አካባቢ እጅም እግርም ውኃ አይንካ። ስጋት በሌለበት ድንጋይ አንሥተው ከሥሩ የተጣበቀውን ውኃ በያዘ ነጭ ሳህን ላይ ይመልከቱ፤ ከዚያ እንስሳቱን ወደ ጅረቱ፣ ድንጋዩንም በነበረበት ገጹ ይመልሱት።